ዳቦ ቆሎ

ዳቦ ቆሎ ከስንዴ ዱቄት ተቦክቶ፣ በሽምብራ ፍሬ መጠን ተቆርጦ፣ በምጣድ ላይ እየተማሰለ ወይም በኦቨን ውስጥ የሚበስል ደረቅ የኢትዮጵያ መክሰስ ነው። በጥርስ ሲሰበር ቀጭ ይላል፤ እንደ አሠራሩ ጨው ጨው የሚል፣ ጣፋጭ ወይም በበርበሬ የተነሳ ሊሆን ይችላል። ከቡናና ከሻይ ጋር ይቀርባል፣ ለሕፃናት መክሰስ ይቋጠራል፣ በመንገድ ዳርና በሱቅ ይሸጣል። ከሁሉ በላይ የሚታወቀው ግን በስንቅነቱ ነው። ያለ ማቀዝቀዣና ያለ ዳግም ማብሰል ለሳምንታት ስለሚቆይ ወደ ሩቅ አገር ለሚሄድ መንገደኛ፣ ለወታደርና ለተማሪ የሚዘጋጅ ምግብ ሆኖ ኖሯል።

በዓለም ላይ ክራከር ወይም ደረቅ ብስኩት ከሚባሉት ምግቦች ጋር ይመደባል። ዳቦ ቆሎ ግን የአንድ ድርጅት ምርት ወይም የንግድ ምልክት አይደለም፤ በየቤቱ የሚሠራ፣ ልኩም በየቤቱ የሚለያይ ምግብ ነው።

ስያሜ

ስሙ ከሁለት ቃላት የተገነባ ነው። «ዳቦ» ከዱቄት ተቦክቶ የሚጋገረው ምግብ ሲሆን «ቆሎ» ደግሞ «ቆላ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። መቁላት ማለት እህልን ወይም ቡናን ውሃ ሳይጨምሩ በጋለ ምጣድ ላይ እያማሰሉ ማብሰል ነው። ስለዚህ ቆሎ ሲባል የተቆላ ገብስ፣ ስንዴ፣ ሽምብራ ወይም ሌላ እህል ማለት ነው። ዳቦ ቆሎ እንደ ዳቦ ተቦክቶ እንደ ቆሎ የሚቆላ በመሆኑ ስሙ አሠራሩን ይገልጻል። መልኩም፣ አበላሉም ከቆሎ ጋር ይመሳሰላል፤ ከእጅ መዳፍ እየተዘገነ አንድ አንድ ወይም ጥቂት ጥቂት እየተደረገ ይበላል።

ቆሎ በኢትዮጵያ ባህል ውስጥ ከመንገድና ከትምህርት ጋር የተያያዘ ቃል ነው። ከቤተሰቡ ርቆ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ «የቆሎ ተማሪ» ይባላል። በአፋን ኦሮሞ የተቆላ እህል «አካዪ» ሲባል፣ ዳቦ ቆሎ ግን በወለጋም ሆነ በሌሎች የኦሮሚያ ከተሞች በዚሁ በዳቦ ቆሎ ስም ይታወቃል።

ግብዓት

ዋናው ግብዓት የስንዴ ዱቄት ነው። በከተማ በአብዛኛው የሚሠራው በፋብሪካ ከሚፈጨው ፉርኖ ዱቄት ነው፤ በገጠር በወፍጮ ቤት የተፈጨ፣ በወንፊት የተነፋ ዱቄት ያገለግላል። አንዳንዶች የገብስ፣ የጤፍ ወይም የሽምብራ ዱቄት ይቀላቅሉበታል። ስንዴ ተመራጭ የሆነው ግሉተን የተባለውን ፕሮቲን ስለያዘ ነው። ግሉተን ከውሃ ጋር ሲታሽ እንደ መረብ ተያይዞ ሊጡ እንዳይበጣጠስ ያደርጋል፤ ሊጡን እንደ ገመድ ማድቦልቦል የሚቻለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ለአንድ ኪሎ ግራም ዱቄት የሚከተለው ልክ የተለመደውን አሠራር ያሳያል፦

- ዘይት ወይም የቀለጠ ቂቤ፣ 150 ሚሊ ሊትር ገደማ
- ስኳር፣ 100 ግራም ገደማ (ጨው ጨው የሚል ከተፈለገ ይቀነሳል ወይም ይቀራል)
- ጨው፣ 15 ግራም ገደማ ወይም 3 የሻይ ማንኪያ
- በርበሬ፣ ከ1 እስከ 2 የሾርባ ማንኪያ (እንደ ፍላጎት)
- ውሃ፣ 400 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ በአንድ ጊዜ ሳይሆን እየታየ የሚጨመር

ጥቁር አዝሙድ ወይም የተፈጨ ኮረሪማ የሚጨምሩም አሉ። እርሾ ብዙውን ጊዜ አይገባበትም። ትንሽ ቤኪንግ ፓውደር የሚጨምሩ ሰዎች ምክንያታቸው ፍሬው ሲደርቅ እንደ ድንጋይ እንዳይጠነክር ነው፤ ዘይቱም ቢሆን ለዚሁ ይረዳል። ዘይት የዱቄቱን ቅንጣቶች ስለሚሸፍናቸው የግሉተኑ መረብ በጣም እንዳይጠነክር ያግደዋል። ዘይት የሌለው ወይም ያነሰው ዳቦ ቆሎ ለጥርስ ያስቸግራል፤ ዘይት የበዛበት ደግሞ ሲነካ ይፈረፈራል።

አዘገጃጀት

ደረቁ ግብዓት በአንድነት ይደባለቃል። ዘይቱ ወይም ቂቤው ከዱቄቱ ጋር በእጅ ይታሻል፣ ከዚያም ውሃው በጥቂት በጥቂቱ እየተጨመረ ሊጡ ይቦካል። ሊጡ ከዳቦ ሊጥ ጠንከር ያለ፣ በእጅ የማይጣበቅ መሆን አለበት። ለ10 ደቂቃ ያህል ከታሸ በኋላ ተሸፍኖ ጥቂት እንዲያርፍ ይደረጋል። ያላረፈ ሊጥ ሲድቦለቦል ወደ ኋላ እየተሰበሰበ ያስቸግራል።

ቀጥሎ ሊጡ በእፍኝ እየተቆነጠረ፣ በንጹሕ ጠረጴዛ ወይም ሰፋ ባለ ትሪ ላይ በመዳፍ እየተድቦለቦለ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ ውፍረት ያለው ረጅም ገመድ ይሆናል። ብዙ ገመዶች ጎን ለጎን ተደርድረው በቢላዋ በአንድ ጊዜ ይቆረጣሉ፤ በመቀስ የሚቆርጡም አሉ። የተቆረጠው እርስ በርሱ እንዳይጣበቅ ትንሽ ዱቄት ይነሰነስበታል።

ከአንድ ኪሎ ግራም ዱቄት 1.6 ኪሎ ግራም ገደማ ሊጥ ይወጣል። እያንዳንዱ ፍሬ አንድ ግራም ከጥቂት ቢመዝን ከዚህ ሊጥ ከ1,000 በላይ ፍሬ ይቆረጣል ማለት ነው። የሥራው ድካም ያለው በማብሰሉ ላይ ሳይሆን በማድቦልቦሉና በመቁረጡ ላይ ነው። ለዚህም ነው ለስንቅ የሚሆን ብዙ ዳቦ ቆሎ ሲሠራ እናት፣ እኅቶችና ጎረቤቶች አንድ ላይ ተቀምጠው የሚሠሩት፤ አንዷ ታድቦለቡላለች፣ አንዷ ትቆርጣለች፣ ሌላዋ ምጣዱን ትጠብቃለች።

አበሳሰሉ ሁለት ዓይነት ነው።

በምጣድ፦ ፍሬው በብረት ምጣድ ወይም በሸክላ ምጣድ ላይ በስሱ ተዘርግቶ በመካከለኛ እሳት ይቆላል። ሳይቋረጥ መማሰል አለበት፤ አለዚያ ታቹ አርሮ መሐሉ ሊጥ ይሆናል። ምጣዱን የሞላ ፍሬ ስለሚተፋፈን በአንድ ጊዜ ጥቂት ብቻ መቁላት ይመረጣል።

በኦቨን፦ ፍሬው በትሪ ላይ በአንድ ረድፍ ተዘርግቶ በ175 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይጋገራል። በመሐል አንድ ሁለት ጊዜ ይነቀነቃል።

በሁለቱም መንገድ መልኩ ወርቃማ ቡናማ ሲሆን ይወጣል። በትሪ ላይ ተበትኖ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ብቻ በዕቃ ይከተታል። መብሰሉን የሚያረጋግጠው ከላይ የሚታየው መልክ ሳይሆን መሐሉ ነው። ቀዝቅዞ ሲሰበር ውስጡ ደረቅና አንድ ዓይነት ከሆነ በስሏል፤ መሐሉ ከጠቆረ ወይም ሲጫኑት ከተጨፈለቀ ወደ እሳት ይመለሳል።

ሳይበላሽ የሚቆይበት ምክንያት

ተራ ዳቦ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሲሻግት ከተመሳሳይ ዱቄት የተሠራው ዳቦ ቆሎ ለሳምንታት የሚቆየው በውስጡ የሚቀረው ውሃ በጣም ጥቂት ስለሆነ ነው። ከዳቦ ክብደት ከሦስት አንድ እጅ በላይ ውሃ ነው። በደንብ በደረቀ ክራከር ወይም ዳቦ ቆሎ ውስጥ ግን የሚቀረው ውሃ ከመቶ አምስት አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ነው።

የምግብ ሳይንስ ባለሙያዎች ይህን የሚለኩት «የውሃ አክቲቪቲ» በሚባል ከ0 እስከ 1 ባለው መለኪያ ነው። መለኪያው የሚያሳየው ረቂቅ ተሕዋስያን ሊጠቀሙበት የሚችሉትን ውሃ ነው። ንጹሕ ውሃ 1 ነው፤ ትኩስ ዳቦ 0.95 አካባቢ ነው። አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች ከ0.91 በታች፣ አብዛኞቹ ሻጋታዎች ደግሞ ከ0.8 በታች አያድጉም። ከ0.6 በታች ምንም ዓይነት ረቂቅ ተሕዋስ አይራባም። ደረቅ ክራከር ከዚህ ወሰን በብዙ ዝቅ ይላል።

የፍሬው ማነስ ለመልክ ብቻ አይደለም፤ ምግቡ በዚህ ልክ እንዲደርቅ የሚያደርገው እሱ ነው። እያንዳንዱ ጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሊጥ 1,000 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ይዘትና 600 ካሬ ሴንቲ ሜትር ውጫዊ ገጽ አለው። ይኸው ሊጥ አንድ ሴንቲ ሜትር ጎን ባላቸው 1,000 ፍሬዎች ቢቆረጥ ይዘቱ ሳይለወጥ ውጫዊ ገጹ 6,000 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ውሃ የሚወጣበት በር በ10 እጥፍ ይሰፋል ማለት ነው። በመሐል ያለው ውሃ ወደ ውጭ ለመውጣት የሚጓዘው ርቀትም ከ5 ሴንቲ ሜትር ወደ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያጥራል። ውሃ በጠጣር ነገር ውስጥ ሰርጎ ለመውጣት የሚፈጅበት ጊዜ ከርቀቱ ካሬ ጋር ስለሚያድግ፣ ርቀቱ በ10 ሲያንስ ጊዜው በ100 እጥፍ ገደማ ያጥራል። ትልቅ ዳቦ በዚህ ልክ እንዲደርቅ ቢፈለግ ውስጡ ሳይደርቅ ውጩ ያርራል።

ቡናማ መልኩና መዓዛው የሚመጣው ደግሞ ማያር ሪአክሽን ከሚባለው ኬሚካዊ ሂደት ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሉዊ ካሚይ ማያር በ1912 እ.ኤ.አ. የገለጸው ይህ ሂደት ፕሮቲንና ስኳር በሙቀት ሲዋሐዱ የሚፈጠር ነው። የሊጡ ገጽ ውሃውን እስኪያጣ ድረስ ሙቀቱ ከውሃ መፍያ ብዙ አያልፍም፤ ስለዚህ መልክ ማውጣት የጀመረ ዳቦ ቆሎ ቢያንስ ገጹ ደርቋል ማለት ነው።

የሚበላሽባቸው መንገዶች

ዳቦ ቆሎ በሦስት መንገድ ይበላሻል።

የመጀመሪያው በደንብ አለመድረቅ ነው። በኃይለኛ እሳት የተቆላ ፍሬ ከውጭ ቡናማ ሆኖ መሐሉ እርጥብ ሊቀር ይችላል። እንዲህ ያለው ፍሬ በዕቃ ሲታሸግ የመሐሉ ውሃ ቀስ በቀስ ወደ ሌሎቹ ይዛመትና ከጥቂት ቀናት በኋላ ሻጋታ ይታያል። ሳይቀዘቅዝ የታሸገም ተመሳሳይ ዕጣ ይገጥመዋል፤ እንፋሎቱ በዕቃው ውስጥ ወደ ውሃ ይለወጣልና። መንገድ ላይ ላለ ሰው ይህ ትልቅ ጉዳት ነው፤ ለሳምንታት የታሰበው ስንቅ በአንድ ጊዜ ሊጣል ይችላል። የሻገተውን ፍሬ ብቻ ለቅሞ ሌላውን መብላትም አይመከርም፤ አንዳንድ ሻጋታዎች በዓይን የማይታይ መርዝ ያመነጫሉ።

ሁለተኛው ከአየር እርጥበት መሳብ ነው። ዳቦ ቆሎ ክፍት ሲተው ይለሰልሳል። ሆኖም ቀጭ ማለቱን የሚያጣው ሻጋታ ሊያበቅል ከሚችልበት እርጥበት ቀድሞ በመሆኑ መለስለሱ ማስጠንቀቂያ ነው። በዚህ ደረጃ ላይ ያለ ዳቦ ቆሎ በምጣድ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ቢሞቅና ቢቀዘቅዝ ወደ ቀድሞው ሁኔታው ይመለሳል።

ሦስተኛው የዘይቱ መሸተት ነው። ዘይት ከኦክሲጅን ጋር ሲዋሐድ ጣዕሙና ሽታው ይለወጣል፤ ብርሃንና ሙቀት ይህን ያፋጥናሉ። የኑግ ዘይት አብዛኛው ክፍሉ ሊኖሌይክ አሲድ የተባለ በቀላሉ ከኦክሲጅን ጋር የሚዋሐድ ቅባት ስለሆነ፣ ከፓልም ዘይት ይልቅ ቶሎ ይሸታል። ለረጅም ጊዜ የታሰበ ዳቦ ቆሎ ጥላ ባለበት፣ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ የሚቀመጠው ለዚህ ነው።

ስንቅነቱ

በኢትዮጵያ ደጋማ አገሮች ረጅም ጉዞ በእግርና በበቅሎ በሚደረግበት ዘመን መንገደኛ የሚበላውን ይዞ ይሄድ ነበር። የጦር ሠራዊትም ቢሆን ዘመናዊ የስንቅ ክፍል ከመቋቋሙ በፊት በአብዛኛው ስንቁን ራሱ ይሸከም ነበር፤ «ስንቅና ትጥቅ» የሚለው አነጋገር እስከ ዛሬ የሁለቱን እኩልነት ያሳያል። በአድዋ ጦርነት ዋዜማ፣ በ1888 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክን ሠራዊት ካሳሰቡት ነገሮች አንዱ የስንቅ ማለቅ ነበር።

ከዚህ ፍላጎት የተነሣ አገሪቱ ብዙ ዓይነት ደረቅ ምግብ አላት። በሶ ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ ነው፤ በውሃ ተበጥብጦ ወይም ተጨብጦ ይበላል። ድርቆሽ በፀሐይ የደረቀ እንጀራ ነው። ቋንጣ የደረቀ ሥጋ ነው። ጭኮ በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት ነው። ዳቦ ቆሎ ከእነዚህ የሚለየው ያለ ምንም ተጨማሪ ነገር መበላቱ ነው። በሶ ውሃ ወይም ቅቤ ይፈልጋል፣ ድርቆሽ ወጥ ወይም ውሃ ይፈልጋል፤ ዳቦ ቆሎ ግን ከኪስ ወጥቶ እየሄዱም ይበላል። ከቆሎ የሚለየው ደግሞ ጨው፣ ቅባትና ቅመም ከመጀመሪያው በሊጡ ውስጥ መግባታቸው ነው።

በአሁኑ ጊዜ የዚህ ስንቅ ዋና ተጠቃሚ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ተማሪዎች በመንግሥት ምደባ ከቤታቸው በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቀው ሊመደቡ ይችላሉ። ወደ ግቢ ሲሄዱ ከቤት የሚቋጠርላቸው በሶና ዳቦ ቆሎ ከካፌ ሰዓት ውጭ፣ በተለይ በፈተና ሰሞን ሌሊት ሲያነቡ ያገለግላቸዋል። በማደሪያ ክፍል ምግብ ማብሰል በአብዛኛው ስለማይፈቀድ እሳት የማይፈልግ መሆኑ ይጠቅማል። ልማዱ የአንድን ተማሪ ስንቅ የክፍሉ ልጆች ተካፍለው መብላት ነው፤ ለአንድ ወር የታሰበው ዳቦ ቆሎ በሳምንት የሚያልቀውም በዚህ ምክንያት ነው።

በወለጋ

ነቀምቴ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ፣ የቀድሞው የወለጋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ የነበረችና አሁን የምሥራቅ ወለጋ ዞን መቀመጫ የሆነች ከተማ ናት። ከእሷ መንገዶች በየአቅጣጫው ይወጣሉ፤ በምዕራብ ወደ ጊምቢና ደምቢ ዶሎ፣ በደቡብ ወደ በደሌ፣ በሰሜን በኡኬና በአንገር ሸለቆ በኩል ወደ ቡሬ። ደምቢ ዶሎ ከአዲስ አበባ 650 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለምትርቅ የአካባቢው ጉዞ ረጅም ነው፤ ለመንገድ የሚሆን ደረቅ ምግብ መያዝም የተለመደ ነው።

የወለጋ ገበሬ በብዛት የሚያመርተው በቆሎ፣ ማሽላ፣ ጤፍ፣ ዳጉሳና ኑግ ነው፤ ስንዴና ገብስ በሻምቡ ዙሪያ እንዳሉት ባሉ ከፍተኛ ቦታዎች ይበቅላሉ። አካባቢው በጨጨብሳ፣ በጭኮና አንጮቴ በተባለው ሥራ ሥር ይታወቃል። ዳቦ ቆሎ በወለጋ ብቻ የተወሰነ ምግብ አይደለም፤ በከተሞቹ ግን ከቡና ጋር ከሚቀርቡት ደረቅ ምግቦች አንዱ ነው።

ሁለት የአካባቢው ነገሮች ዳቦ ቆሎን በቀጥታ ይነካሉ። አንደኛው ኑግ ነው። ወለጋ ኑግ በብዛት ከሚመረትባቸው የኢትዮጵያ አካባቢዎች አንዱ ሲሆን የኑግ ዘይት ለዳቦ ቆሎ ጥሩ ጣዕም ይሰጣል፤ ነገር ግን ከላይ እንደተገለጸው ቶሎ ስለሚሸት በዚህ ዘይት የተሠራው ሳይቆይ መበላት አለበት። ሁለተኛው ዝናብ ነው። የወለጋ ክረምት ረጅም ሲሆን አካባቢው በኢትዮጵያ ብዙ ዝናብ ከሚያገኙት አንዱ ነው። እርጥበት ባለው አየር ዳቦ ቆሎ በክፍት ሳህን ሲተው ቶሎ ይለሰልሳል። ስለዚህ በክረምት የሚሠራው ጠንከር ተደርጎ ይደርቃል፣ በሚገጥም ክዳንም ይቀመጣል።

በየካቲት 1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ከተለያዩ የአገሪቱ ክፍሎች ተማሪዎች የሚመደቡበት ተቋም ነው። የወለጋ ልጆችም በተራቸው ወደ ሌሎች ክልሎች ዩኒቨርሲቲዎች ይሄዳሉ። በሁለቱም አቅጣጫ በአውቶቡስ ከሚጓዘው ሻንጣ ውስጥ ስንቅ አይጠፋም።

በቡና፣ በጾምና በበዓል

የቡና ቁርስ ሆኖ ከሚቀርቡት ፈንዲሻ፣ ቆሎና ዳቦ ጋር ዳቦ ቆሎም አለ። ፈንዲሻና ትኩስ ዳቦ በዚያው ቀን ካልተበሉ የሚበላሹ ሲሆን ዳቦ ቆሎ አስቀድሞ ተሠርቶ ስለሚቀመጥ ድንገት እንግዳ ሲመጣ ያገለግላል።

በዘይት የተሠራው ዳቦ ቆሎ የእንስሳት ተዋጽኦ ስለሌለበት በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የጾም ምግብ ነው። በቂቤ ወይም በወተት የተሠራው ግን የፍስክ ነው። በሱቅ የሚሸጠውን የሚገዛ ጿሚ ከምን እንደተሠራ የሚጠይቀው ለዚህ ነው።

የምግብ ይዘት

ከላይ በተሰጠው ልክ የተሠራ ዳቦ ቆሎ ከአንድ ኪሎ ግራም ዱቄት 1.2 ኪሎ ግራም ገደማ ይወጣዋል፤ ቀሪው የሊጥ ክብደት በእንፋሎት ይሄዳል። ከግብዓቱ ሲሰላ 100 ግራም ዳቦ ቆሎ 440 ኪሎ ካሎሪ ያህል ኃይልና 9 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይሰጣል። ተመሳሳይ ክብደት ያለው ተራ ዳቦ የሚሰጠው 260 ኪሎ ካሎሪ አካባቢ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ዳቦ ቆሎ ውሃ ስለማይዝና ዘይት ስላለው ነው፤ ሸክም ለሚቆጥር መንገደኛ ይህ ጥቅም ነው። በእርዳታ ሥራ ለአንድ ሰው በቀን የሚታሰበው 2,100 ኪሎ ካሎሪ ሲሆን ግማሽ ኪሎ ግራም ዳቦ ቆሎ ይህን ኃይል ያሟላል።

ይሁን እንጂ ኃይል ብቻውን ሙሉ ምግብ አይሆንም። በዳቦ ቆሎ ውስጥ ቫይታሚን ሲ የለም፤ የነጭ ዱቄት አሰርም ጥቂት ነው። የስንዴ ፕሮቲን ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ ያንሰዋል። ሽምብራና ሌሎች ጥራጥሬዎች በላይሲን የበለጸጉ ስለሆኑ ዳቦ ቆሎን ከሽምብራ ቆሎ ጋር ደባልቆ መብላት ይህን ጉድለት ይሞላል።

ጥንቃቄ

- ፍሬው ትንሽና ጠንካራ በመሆኑ ከአራት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ሊያንቅ ይችላል። ትልልቅ ልጆችም ቢሆኑ እየሮጡ መብላት የለባቸውም።
- ሴሊያክ የተባለ በሽታ ያለባቸው ሰዎች ስንዴና ገብስ የገባበትን ዳቦ ቆሎ መብላት አይችሉም።
- የስዊድን ተመራማሪዎች በ2002 እ.ኤ.አ. እንዳሳወቁት ስታርች ያለባቸው ምግቦች ከ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲጋገሩ ወይም ሲጠበሱ አክሪላማይድ የተባለ ለጤና የሚያሰጋ ንጥረ ነገር ይፈጠርባቸዋል። መጠኑ ምግቡ እየጠቆረ በሄደ ቁጥር ይጨምራል። ስለዚህ ዳቦ ቆሎን ወርቃማ ሲሆን ማውጣትና ያረረውን ለይቶ መጣል ይመረጣል።

ንግድ

ዳቦ ቆሎ ቀድሞ በአብዛኛው በቤት የሚሠራ ነበር። አሁን በከተሞች በላስቲክ ከረጢት ታሽጎ በሱቅና በሱፐርማርኬት፣ በአነስተኛ መጠን ደግሞ በመንገድ ዳር ይሸጣል። አነስተኛ አምራቾች፣ ብዙዎቹም ሴቶች፣ በትንሽ ካፒታል ሊጀምሩት ይችላሉ፤ ዱቄት፣ ዘይት፣ ምጣድና ማሸጊያ በቂ ነው። የሚያስቸግረው የእጅ ሥራው ነው። የሊጥ መዳመጫና መቁረጫ ማሽን የሌለው አምራች የሚያመርተው መጠን በእጁ ፍጥነት የተወሰነ ነው።

ከፋብሪካ ብስኩት ጋር ያለው ውድድርም እዚሁ ላይ ነው። ብስኩት በማሽን በብዛት ስለሚመረት በትንሽ ዋጋ በየኪዮስኩ ይገኛል። ዳቦ ቆሎ የሚመረጠው በጣዕሙ፣ በበርበሬውና ከቤት እንደመጣ በመቆጠሩ ነው። የዱቄትና የዘይት ዋጋ ሲጨምር ግን ዳቦ ቆሎ የሚሠራ ቤተሰብም ሆነ ነጋዴ እኩል ይጎዳል፤ ከሁለቱ ውጭ ብዙ ግብዓት የለውምና።

ታሽጎ ለገበያ የሚቀርብ ምግብ በ2011 ዓ.ም. በወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ሥር ይወድቃል፤ የሚቆጣጠረውም የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ገዢ በማሸጊያው ላይ ሊያያቸው የሚገቡት የግብዓት ዝርዝር፣ የተመረተበት ቀንና የመጠቀሚያ ጊዜው ማብቂያ ናቸው።

በውጭ አገር

በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ፣ እንዲሁም ኢትዮጵያውያን በብዛት በሚኖሩባቸው ሌሎች ከተሞች ባሉ የአበሻ ሱቆች ዳቦ ቆሎ ታሽጎ ይሸጣል። ከአገር ቤት የሚመለስ ሰው ለዘመድ ከሚይዘው በርበሬ፣ ሽሮና በሶ ጋርም ይገኛል። በአሜሪካ ጉምሩክ ደንብ የተጋገሩ ደረቅ ምግቦች በአብዛኛው የሚፈቀዱ ሲሆን ቋንጣ ግን ሥጋ በመሆኑ ይከለከላል። ሆኖም የተያዘው ምግብ ሁሉ ለጉምሩክ መገለጽ አለበት።

ተመሳሳይ ምግቦች በዓለም

ዱቄትን አድርቆ ስንቅ ማድረግ በብዙ አገሮች የታወቀ ነው። የሮማ ወታደሮች ቡኬላቱም የተባለ ደረቅ ዳቦ ይይዙ ነበር። የአውሮፓ መርከበኞች ለወራት የሚመገቡት ጠንካራ ብስኩት ነበር። «ብስኩት» ከላቲን የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «ሁለት ጊዜ የበሰለ» ማለት ነው፤ መጀመሪያ ተጋግሮ ቀጥሎ እንዲደርቅ ወደ እሳት ይመለስ ነበርና። ዳቦ ቆሎ ሁለተኛ መጋገር የማያስፈልገው ፍሬው ትንሽ በመሆኑ በአንድ ጊዜ ስለሚደርቅ ነው።

ክራከር የሚለው ስም በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት ጆሳያ ቤንት ከተባለ ጋጋሪ ጋር ይያያዛል፤ በ1801 እ.ኤ.አ. መሥራት የጀመረው ደረቅ ብስኩት ሲሰበር በሚያሰማው ድምፅ ተሰየመ ይባላል። ሪትዝ የተባለው ክራከር በ1934 እ.ኤ.አ. ለገበያ ቀረበ። በመጠኑ ለዳቦ ቆሎ የሚቀርበው ጎልድፊሽ የተባለው በዓሣ ቅርጽ የሚሠራ ክራከር ነው። በስዊዘርላንድ ካምብሊ የተባለው ድርጅት በ1958 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ብስኩት አይታ ማርጋሬት ረድኪን የተባለች የፔፐሪጅ ፋርም መሥራች በ1962 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ማምረት ጀመረች። ሰፊ ክራከሮች እንፋሎት እንዲወጣባቸው በትንንሽ ቀዳዳ ይበሳሉ፤ ዳቦ ቆሎ ግን ከማነሱ የተነሣ ቀዳዳ አያስፈልገውም።

በአፍሪካና በእስያ የሚቀራረቡት ምግቦች በአብዛኛው በዘይት የሚጠበሱ ናቸው። የናይጄሪያ ቺን ቺንና የሕንድ ሻካርፓራ እንደ ዳቦ ቆሎ ከስንዴ ሊጥ በትንንሹ ይቆረጣሉ፣ ነገር ግን በፈላ ዘይት ውስጥ ይበስላሉ። ዳቦ ቆሎ በደረቅ ምጣድ የሚቆላ መሆኑ ከእነዚህ ይለየዋል፤ ዘይቱ በሊጡ ውስጥ ከገባው አይበልጥም፣ መሠረቱም እህል ከመቁላት ልማድ ጋር የተያያዘ ነው።

ደግሞ ይዩ

- ቆሎ
- በሶ
- ድርቆሽ
- ጭኮ
- ኑግ
- ነቀምቴ